የፍሊፐር ኢኦኤስ ስዊች ምንድን ነው?

"ፍሊፐሩ ደከመ? ኮይሉ ሞቷል፣ ቀይረው።" የፒንቦል ጥገና በተነሳ ቁጥር ይህችን ምክር አያታለሁ። ፍሊፐር ቁልፍ ስትጫን ተነስቶ የማሽኑን ኳስ የሚመታው ክንድ ነው፤ ኮይሉ ክንዱን የሚያነሳው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ነው፤ ኢኦኤስ (end of stroke) ስዊች ደግሞ ክንዱ ጫፍ ሲደርስ የሚነቃው ስዊች ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ብሶበት "ኢኦኤስ ስዊቹ ኃይል ከመቀነስ በቀር ጥቅም የለውም፣ ነቅለህ ጣለው" ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ እባክህ እንዲህ አትምከር። ሰው ማሽኑን ያቃጥላል።

በድሮዎቹ ማሽኖች የፍሊፐር ኮይል ውስጥ ሁለት ሽቦ ነው የተጠቀለለው። ወፍራሙ ጥቂት ኦም (ከረንትን የመግታት መለኪያ) ብቻ ስላለው ብዙ ከረንት ይስባል፤ ኳሷን የሚመታው እሱ ነው። ቀጭኑ ደግሞ በብዙ የዊሊያምስ (የፒንቦል አምራች) ኮይሎች ከ100 ኦም ይበልጣል፤ ቁልፉን እስከተጫንክ ድረስ ፍሊፐሩን ከፍ አድርጎ ይይዛል።

አንድ ኩንታል ጤፍ ትከሻ ላይ ሲወጣ አስበው። ለማንሳቱ አሸካሚ ያስፈልጋል። ትከሻ ላይ ካረፈ ግን ተሸካሚው ብቻውን ይቆማል። ወፍራሙ ሽቦ አሸካሚው ነው፣ ቀጭኑ ተሸካሚው። ኢኦኤስ ስዊቹ "በቃ፣ ልቀቅ" የሚለው ሰው ነው። ፍሊፐሩ ሳይነሳ ኮንታክቶቹ ተነካክተው ይቆያሉ፤ ከረንቱም ቀጭኑን ሽቦ ዘሎ በወፍራሙ ብቻ ያልፋል። ፍሊፐሩ ጫፍ ሲደርስ ስዊቹን ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ያኔ ከረንቱ በሁለቱም ሽቦ ለማለፍ ስለሚገደድ በጣም ይቀንሳል።

እንግዲህ ያ ሰው እንዳለው ስዊቹን ነቅለህ ብትጥለው ምን ይሆናል? አሸካሚው ገና ኩንታሉ መሬት ላይ እያለ ለቀቀ ማለት ነው። ፍሊፐሩ ይልፈሰፈሳል። ወደ ስዊቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች አንድ ላይ ብትቋጥራቸውስ? መጀመሪያ ላይ በደንብ ይመታል፣ አንተም ደስ ይልሃል፤ ከዚያ አንድ ተጫዋች ኳሷን ይዞ ለማቆም ቁልፉን ትንሽ ሲያቆየው አሸካሚው እስኪወድቅ ድረስ ይታገላል፣ ወይ ፊውዝ ይቃጠላል ወይ ኮይሉ ይጨሳል።

ኮይል እንደ ባትሪ እያደር አይደክምም። ወይ ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይ ይቃጠላል። ይህን ደግሞ ማሽኑን አጥፍተህ ኦሙን ብትለካ ታውቀዋለህ። ለድካም መጀመሪያ የምጠረጥረው የኢኦኤሱንና የቁልፉን ኮንታክት ነው፤ በእሳት ብልጭታ ጠቁረው ተቦርቡረው ታገኛቸዋለህ። ቀጥሎ ኮይሉ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ቱቦና በቱቦው ውስጥ የሚንሸራተተው፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ የሰፋው ብረት።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ባመጣው ፍሊፕትሮኒክስ፣ ማለትም ፍሊፐሩን በኤሌክትሮኒክ ቦርድ በሚቆጣጠረው ዘዴ፣ ነገሩ ተገልብጧል። እዚያ ኢኦኤሱ ሳይነካካ ይጠብቅና ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነካካል፤ ለቦርዱ ምልክት ይሰጣል እንጂ ትልቁን ከረንት አይሸከምም። ስለዚህ የድሮዎቹን የተንግስተን ኮንታክት በሞረድ ታጸዳለህ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስም 2 ሚሊሜትር ያህል እንዲከፈት ታስተካክላለህ። የአዲሶቹ ግን ወርቅ የተቀባ ነው፤ ሞረድ አታስነካው፣ ንጹህ ወረቀት በመሃሉ ጎተት ማድረግ ይበቃል።