ዝቋላ ስትወጡ የማንን ስም ይዛችሁ ነው?

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ሰሞኑን ከብዙ ወንድምና እህቶች የምሰማው አንድ አይነት ነገር ነው፣ "ከተማው መሮኛል፣ ሁሉን ትቼ ገጠር ልግባ፣ ጎጆ ቀልሼ ጎመኔን እየተከልኩ ልኑር፣ ካልሆነም ገዳም" ይላሉ። አልፈርድም፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። የቤት ኪራዩ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ማፍጠጡ፣ በቃ ነፍስ ይደክማታል።

ዳዊትም እኮ "በርሬ ዐርፍ ዘንድ እንደ ርግብ ክንፍን ማን በሰጠኝ?" ብሏል (መዝ 54)። ግን መዝሙሩን ወረድ ብላችሁ አንብቡት። አብሮት ይበላ የነበረ፣ ቤተ እግዚአብሔር አብሮት ይመላለስ የነበረ ወዳጁ ነው የጎዳው፣ ምድረ በዳ ያማረውም ከዛ ሰው መራቅ ፈልጎ ነው። ክንፍ ሳይሰጠው መዝሙሩ ወደ መጨረሻው "ትካዜህን በእግዚአብሔር ላይ ጣል" ላይ ይደርሳል።

እኔ ዝቋላ የወጣሁት ለሦስት ቀን ሱባኤ ነበር። ከቢሾፍቱ ወዲያ ያለው፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ ያለው ተራራ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ማለት ነው። በሶና ቆሎ ይዤ፣ ጥዱ መሀል ስደርስ ያ አየር ሲነካኝ ምን ልበላችሁ፣ አስለቀሰኝ፣ እዚሁ በቀረሁ አልኩ። የመጀመሪያው ሌሊት ግን ከወንድሜ ጋር ነው ያደርኩት፤ በውርስ ቤት ተጣልተን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር፣ አዲስ አበባ እያለሁ ሥራውም ግርግሩም ያስረሳኛል፣ እዛ ግን ዝም ሲል ሁሉም ነገር፣ የተናገረኝ ቃል በቃል ይመጣብኛል።

ጠዋት ከኪዳን በኋላ አንድ አረጋዊ አባት ጋር ቀረብኩ። እንደምታውቁት ገዳም ስንሄድ ሰው እንዲጸለይለት የክርስትና ስሙን ይሰጠናል፣ እኔም የእናቴን፣ የጓደኞቼን፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችን ጽፌ አጣጥፌ ይዤ ነበር። ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ዓይናቸው ስር አስጠግተው ቀስ ብለው አነበቡና "እህት ወንድም የለህም ልጄ?" አሉኝ። "አለኝ አባ፣ አንድ ወንድም" አልኩ። ወረቀቱን መለሱልኝና ዝም አሉ።

ወርጄ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እዚህ ውኃ ውስጥ በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው 100 ዓመት የጸለዩት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ነው ይለናል ገድላቸው። ከሰው እንደሳቸው የራቀ ማን አለ? ቤት የለ፣ ልብስ የለ፣ ጎረቤቶቻቸው አንበሳና ነብር። ግን አገር ሙሉ ሕዝብ ይዘው ነው የገቡት! ሥዕላቸውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይናቸው ላይ ያለችውን ወፍ? ጠምቷት እንባቸውን ስትጠጣ ነው። የግብጹ መናኝ አባ እንጦንስም እንደዚሁ ናቸው፣ በረሃ ባለ አሮጌ ምሽግ 20 ዓመት ያህል ዘግተው ኖረው፣ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ በ311 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ወርደው የታሰሩትን ያጽናኑ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ወንድሜን አውጥቼ ጥዬ ተራራ ወጥቻለሁ።

እና እስክሪብቶ ለምኜ ስሙን ልጽፍ ስል የክርስትና ስሙ ጠፋኝ። አብረን ያደግን፣ አንድ አልጋ ላይ የተኛን ልጆች! ኔትወርክ ወደሚይዝበት ዳገት ወጥቼ እናቴ ጋር ደወልኩ። "እማዬ፣ የወንድሜ የክርስትና ስም ማነው?" ስላት ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፣ ብዙ ቆይታ "ለምን ፈለግከው?" አለችኝ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። "ለጸሎት" አልኳት። ነገረችኝ፣ እየደጋገመች ነገረችኝ።