«የማንን እግር ልሳም?»

በሰሜን ሕንድ ትልቅ ትንሹ የሚያውቃት ባለ ሁለት ስንኝ አባባል አለች። «መምህሬና ጎቪንድ አብረው ቆመዋል፤ የማንን እግር ልሳም? መምህሬ ሆይ፣ ልሰዋልህ! ጎቪንድን ያሳየኸኝ አንተ ነህ።» ጎቪንድ የአምላክ መጠሪያ ነው።

አባባሏ የካቢር ናት ይባላል። ካቢር በ15ኛው መቶ ዘመን በቫራናሲ የኖረ፣ በሙስሊም ሸማኔ ቤት ያደገ ባለቅኔ ነው። መምህር ያገኘበት አፈ ታሪክ ደስ ይላል። ራማናንዳ የተባለው የሂንዱ መነኩሴ «የሸማኔ ልጅ አልቀበልም» እንዳይለው ሰጋ። ስለዚህ መነኩሴው ሊታጠብ ወደ ጋንጀስ ወንዝ በሚወርድበት ደረጃ ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ተጋደመ። ራማናንዳ በጨለማው ረገጠውና ደንግጦ «ራም! ራም!» አለ። ካቢር ያቺን የአምላክ ስም ከመምህር አፍ እንደ ወጣች ትምህርት ያዛት። በቃ፣ ደቀ መዝሙር ሆነ።

አንዳንዶች አባባሏን «መምህር ከአምላክ ይበልጣል» ብለው ይፈቷታል። እኔ አይመስለኝም። መምህሩ ቀድሞ የሚመሰገነው ስላሳየ ነው፤ ያሳየው ደግሞ አምላክን ነው። ትልቁ ማን እንደሆነ ስንኟ ራሷ አልሳተችም።

አባባሏ በተለይ የምትነሳው በጉሩ ፑርኒማ፣ በመምህራን በዓል ነው። በዓሉ አሻዳ በሚባለው የሂንዱ ወር፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይከበራል፤ በእኛ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ይውላል። ቭያሳ ፑርኒማም ይሉታል። ቭያሳ የጠቢቡ ፓራሻራና የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነችው የሳትያቫቲ ልጅ ነው። ቬዳ የተባለውን የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ በአራት የከፈለው፣ ማሃባራታ የተባለውንም ረጅም የጀግኖች ግጥም የደረሰው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። የተወለደውም በዚህ ቀን ነው ይላሉ፤ ለዚህ ነው የመምህራን ሁሉ አባት ተደርጎ የሚከበረው።

ወቅቱም ከመምህርነት ጋር ይገጥማል። አገር ላገር የሚዞሩ መናኞች ዝናቡ ሲገባ ለአራት ወራት አንድ ቦታ ይሰነብታሉ። ያኔ ተማሪ መምህሩን ፍለጋ አይንከራተትም፤ ቁጭ ብሎ ይማራል።

ቡድሂስቶችም ቀኑን ያከብሩታል። ቡድሃ ለአምስት ባልንጀሮቹ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠው ያን ዕለት ነው ይላሉ። ቦታው ሳርናት ይባላል፤ ከካቢር ከተማ ከቫራናሲ ብዙም አይርቅም።

ዛሬ ሲታር የተባለውን የክር መሣሪያና ታብላ የተባለውን ከበሮ የሚማሩ ሳይቀሩ በዚያ ቀን አበባ ይዘው መምህራቸው ቤት ይሄዳሉ። ጎንበስ ብለው እግሩን ይነካሉ። ከዚያ ይጫወቱለታል።