የጨቅላ ሕፃን ቆም እያለ የሚሄድ ትንፋሽ ምንድን ነው?

ጨቅላ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይተነፍስና ድንገት ጸጥ ይላል። ለ5 ሰከንድ፣ ለ7፣ አንዳንዴም እስከ 10 ሰከንድ ደረቱም ሆዱም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ማንም ሳይነካው አጭር አጭር መተንፈስ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ሐኪሞች ይህን ፔሪዮዲክ ብሪዚንግ ይሉታል። እነዚያ ሰከንዶች አጠገቡ ላለ ወላጅ ምን ያህል እንደሚረዝሙ ያየ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር አስቀድሞ ይነገር፦ ደህና የሚጠባ፣ መልኩ ያልተለወጠ፣ ሲነቃ ንቁ የሆነ ጨቅላ ላይ ይህ በሽታ አይደለም።

ምክንያቱ ያለው ሳንባው ላይ ሳይሆን ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለካ መተንፈሻ ጡንቻዎችን ያዛል። አዋቂ ላይ ልኬቱና ትዕዛዙ ስለተናበቡ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ጨቅላው ላይ ገና አልተናበቡም። ጥቂት ፈጣን ትንፋሾች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ዝቅ ያደርጉታል፣ ትዕዛዙም ይቋረጣል። ጸጥ ባለበት ጊዜ ጋዙ ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ትዕዛዙም ይመለሳል። ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር እየተንቀሳቀሰ፣ ፊቱ ፈገግ ኮስተር እያለ በሚተኛበት እንቅልፍ ውስጥ ደግሞ አተነፋፈሱ ይበልጥ ይዘበራረቃል። ጊዜያቸው ሳይደርስ በተወለዱት ላይ በብዛት ይታያል። ወራት በሄዱ ቁጥር እየቀነሰ ይመጣል፤ 6 ወር ገደማ ላይ በአብዛኛው አይታይም።

አፕኒያ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ትንፋሹ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ፣ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜም ቢሆን ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከገረጣ፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ይህ የአንጎል አለመብሰል ብቻ ነው ተብሎ ቤት የሚታይ አይደለም።

የሆድ ነገር ከትንፋሽ ጋር የሚምታታው ለምንድን ነው? ጨቅላ በሆዱ ስለሚተነፍስ ነው። የጎድን አጥንቶቹ ለስላሳና አግድም የተኙ ስለሆኑ ደረቱ ብዙም አይሰፋም፤ ሥራውን የሚሠራው ከሳንባው ሥር ያለው ድያፍራም ነው፤ እሱ ወደ ታች ሲወርድ ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ የሆዱ ከፍ ዝቅ ማለት ትክክለኛ አተነፋፈሱ ነው። ሆዱ በወተትና በአየር ሲሞላ ግን ድያፍራሙ መውረጃ ያጣል፣ ትንፋሹም አጠር አጠር ይላል። ከጠባ በኋላ ቀና አድርጎ ይዞ ማስገሳት ብዙውን ጊዜ የሚያቀለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ወላጅን የሚያስጨንቀው ማማጡ ይመስለኛል። ፊቱ ደም ይለብሳል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ጡጫውን ጨብጦ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያቃስታል፣ 10 ደቂቃና ከዚያም በላይ ያለቅሳል። በመጨረሻ የሚወጣው ሰገራ ግን ለስላሳ ነው። ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይደለም። ዲስኬዚያ ይባላል፤ ሕፃኑ ሆዱን ወደ ታች ሲገፋ የፊንጢጣውን ጡንቻ አብሮ መልቀቅ ገና ስላልለመደ ነው። በጊዜ ይለምደዋል። እባካችሁ በሳሙና ቁራጭ ወይም በቴርሞሜትር አትነካኩት፤ መለማመዱን ያጓትትበታል። ለቁርጠቱ ተብሎ የሚሰጥ ውኃ፣ ቅጠል ወይም የተፈላ ነገርም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። አመሻሽ ላይ የሚብሰው ለቅሶ ደግሞ 6ኛው ሳምንት ገደማ ጫፍ ይደርስና ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይበርዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። በሆዱ ሲያስተኙት ጋዙ የሚቀልለት ስለሚመስል ብዙ ወላጅ በዚያው ያስተኛዋል። በሆድ መተኛት የድንገተኛ ሞትን አደጋ ይጨምራል። ነቅቶ፣ እናንተም እያያችሁት በሆዱ ይጫወት፤ እንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ደልዳላ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይሁን።

ትንፋሹን መቁጠር ለማንም የሚቻል ነው። ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ከፍ አድርጋችሁ ሆዱን እዩ፤ አንዴ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ ቆም ባለበት ከገባችሁ ቁጥሩ ያንሳል፣ ፈጣኑ ላይ ከገባችሁ ይበዛል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። በደቂቃ ከ30 ጀምሮ ከ60 በታች የተለመደ ነው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ቁጠሩ፤ አሁንም ከሆነ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ቁጥሩ ደህና ሆኖም የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ በኃይል የሚሰረጉድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚርገበገብ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቃስት፣ መጥባት እምቢ ያለ ወይም ለመጥባት አቅም ያጣ፣ ሰውነቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ወይም ከ35.5 በታች የቀዘቀዘ ጨቅላ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። አረንጓዴ ትውከት፣ ጠንክሮ የተነፋ ሆድ፣ ደም ያለበት ሰገራም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅና እግሩ ቢጠቁር ብዙ አያስደነግጥም፤ ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆሩ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው። ስቅታ፣ ማስነጠስ፣ በታፈነ አፍንጫ ምክንያት የሚሰማ ድምፅ ከእነዚህ ውስጥ አይገቡም። ጨቅላ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ትንሽ ንፍጥ እንኳ ብዙ ድምፅ ታሰማለች።

ትንፋሹ ቆሞ ቢቆይባችሁ ጀርባውን እሹት፣ የእግሩን መዳፍ በጣት መታ መታ አድርጉት፤ በምንም ምክንያት አትነቅንቁት። ካልተመለሰ ወዲያውኑ የድንገተኛ እርዳታ ጥሩ፤ የሠለጠነ ሰው አጠገባችሁ ካለ ትንፋሽ መስጠት ይጀምር። ቢመለስም በዚያው ቀን ይታይ።

አስቸኳይ ምልክት የሌለው፣ ግን እናንተን ሰላም የነሳ አተነፋፈስ ከሆነ ደግሞ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱና ሆዱ እንዲታይ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ በስልክ ቅረጹት። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ሕፃኑ ጸጥ ብሎ መተኛቱ የተለመደ ነው፤ ቪዲዮው ግን ሌሊት ያያችሁትን ያሳየዋል።