ቅኔው ሲጎድል ቀረርቶ

የበጀት ስብሰባ ላይ ነው የሰማሁት። ሰብሳቢው ንግግሩን ሊቋጭ ሲል ፈገግ አለና «አባቶቻችን ‹ቅኔ ሲጎድል ቀረርቶ ሙላበት› እንዳሉት፣ እኛም ገንዘቡ ቢያጥረን በሞራል እንሞላዋለን!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አባባሉን ስልኩ ላይ ሲመዘግብ አየሁት።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። ተረቱ የሚለውን ይዘን ከሄድን፣ ሰብሳቢው ያወጀው «ገንዘቡ የለም፤ እንዳይታወቅብን ግን እንጮሃለን» የሚል ነው። ሳያስበው እውነቱን ተናግሮ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ስለ መተባበር ሊናገር ከፈለገ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነበረለት።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ሰርግ ላይ የድምፅ መሣሪያው ተበላሽቶ ጭብጨባና እልልታ ሲተካው፣ መድረክ መሪው ይህንኑ ተረት ለሙገሳ ሲያውለው ሰምቻለሁ። «መላ አያልቅብንም» ለማለት መሆኑ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ተረቱ ከነቀፋ ወደ ምርቃት እየዞረ ነው።

አነጋገሩ እንደየሰፈሩ ይለያያል። «ቅኔው ቢያልቅበት ቀረርቶ ሞላበት» የሚሉ አሉ። «ቅኔ ቢጎድልበት» የሚሉም አሉ። እኔ የምወደው «ጎደለ» ያለበትን ነው። ወሬ ያልቃል፣ ጨዋታ ያልቃል። ቅኔ ግን የሚጎድለው በቁጥር ነው። ስንት ቤት፣ ማለትም ስንት ስንኝ፣ እንደጎደለ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ቆሟል።

ከቅኔ ዓይነቶች ትንሹ ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው። ዘአምላኪየ 3፣ ሚበዝኁም 3። ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6። መወድስ ላይ ሲደረስ 8 ይሆናል። ቤቶቹ በአንድ ፊደል መምታት አለባቸው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ዜማ አለው፤ ሰሙና ወርቁም ተጋጥሞ መገኘት አለበት። ይህ ሁሉ ደግሞ በግዕዝ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቆምማ አይነሣ።

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ቅኔ ቤት ካለበት ደብር ሥር ነው። ተማሪዎቹን የማውቃቸው መጀመሪያ በድምፃቸው ነበር። ገና ሲነጋጋ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ውሻችን ይነሣባቸዋል። አያቴ ውሻውን እየገሠጸች ኩርማን እንጀራ ይዛ ትወጣለች። ተማሪው አኩፋዳውን ይከፍታል፣ ይመርቃል፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። እንጀራው የትናንት ከሆነ አያቴ ይቅርታ ትጠይቃለች። ተማሪ ይቅርታ ሲጠየቅ ደንግጦ መሬት መሬት ያያል።

ከቁርስ በኋላ በየፊናቸው ይበተናሉ። አንዱ ጽድ ሥር ነው፣ አንዱ ወይራ ሥር፣ አንዱ የመቃብር ድንጋይ ላይ። ደበሎውን እስከ ግንባሩ ይከናነብና ያጉረመርማል። በበትሩ መሬቱን ይጭራል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጭራል። ይህ ቅኔ መቁጠር ነው። እኛ ልጆቹ እየተሯሯጥን ስናልፍ «ቅኔውን ታስጠፉታላችሁ!» ተብለን እንባረራለን። አንድ ተማሪ ለብቻው ሲያወራ ከታየ ደግሞ ሰፈሩ «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይላል፤ አእምሮ ይከፍታል የሚባል መድኃኒት ነው። ብዙው ሐሜት ይመስለኛል። ስምንት ቤት በአንድ ፊደል ለመምታት የሚታገል ሰው አብሾ ባይጠጣም ለብቻው ያወራል።

ማታ ነገራ ነው። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ቀርበው ቀን የቆጠሩትን ያሰማሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ተኝተዋል ብሎ የሚዘናጋ ወዮለት። አንድ ቤት ካልመታ፣ አንድ ግስ አላግባብ ከገባ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ «ሂድ፣ አሟላ» ይላሉ። ተማሪው ወደ ጨለማው ይመለሳል።

ዋናው ፈተና ግን በዓል ነው። የክቡ ቤተ ክርስቲያን የውጭው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጽናጽላቸውን ይዘው እዚያ ይቆማሉ። የቅኔው ቦታ ሲደርስ ከበሮው ጸጥ ይላል። ዘራፊው፣ ማለትም ቅኔውን የሚያፈልቀው፣ ወደ ተቀባዩ ይጠጋና ቤቱን በለሆሳስ ይነግረዋል፤ ተቀባዩ በዜማ ያወጣዋል። ወርቁ ሲገለጥ «ይበል!» ይባላል። ከዚያ ሁለተኛው ቤት ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው።

አሁን እስቲ አስቡት። መወድስ ነው የተጀመረው። አምስት ቤት ሄዷል። ዘራፊው ስድስተኛው ላይ ደረቀ። ተቀባዩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሊቃውንቱ ቆጥረዋል፣ ሦስት ቤት ይቀራል። ስፌት ላይ አንድ ዙር ቢዘለል ሙያ ያላት ሴት ከሩቅ እንደምታየው፣ እዚያም ጉድለቱ ለሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዘራፊው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አንገቱን ደፍቶ መቆም ነው፤ የኔታ ወይም አንዱ ሊቅ ያነሡለታል። ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንጎራጉሮ፣ የማይገናኝ ነገር አምጥቶ ቦታውን መሙላት ነው። ተረቱ የሚያወራው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው።

ስለዚህ «ጯሂ» ማለት ብቻ አይደለም። መላ ስላገኘ ሰውም አይደለም። ባዶው ቦታ ላይ፣ ባዶነቱን ለመሸፈን ብሎ ስለሚጮህ ሰው ነው።

ተረቱ በትክክል ሲነገር የሰማሁት በሽምግልና ነው። ሁለት ጎረቤቶች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛው ምስክር አቀረበ። ሌላኛው «ምስክርህን ጥራ» ሲባል ተነሣ፤ አባቱ ማን እንደነበሩ፣ አያቱ በጣሊያን ጊዜ ምን እንደሠሩ፣ እሱ ራሱ ወንድ እንደማይፈራ ይዘረዝር ጀመር። ድምፁ ሸንተረሩን አልፎ ይሰማል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ ነበሩ። እስኪጨርስ ጠበቁና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ቅኔው ጎድሏል» አሉ። ቀሪውን አልጨረሱትም። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም ራሱ ሳይወድ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

ተረቱን ማን አወጣው? ብዙ ሰው የወታደር ነገር ነው ይላል። ጦረኛው ካህኑን «ያንተ ቃል ሲያልቅ የኔ ይጀምራል» ሊለው ያወጣው ነው ባዮች አሉ። እኔ አልቀበለውም። ወታደር ቢያወጣው ኖሮ ቀረርቶ አሸናፊ በሆነ ነበር። እዚህ ግን መሳቂያው ቀረርቶው ነው።

የኔ ግምት የቅኔ ተማሪ ሥራ ነው የሚል ነው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ሁሉንም ዓይነት መቁጠር የቻለ ተማሪ «ሙሉ ቤት» ደረሰ ይባላል። እና «ሞላበት» የምትለዋ ቃል በአጋጣሚ የገባች አትመስለኝም። «እኛ ቤት የምንሞላው በቅኔ ነው፣ እሱ በቀረርቶ ሞላው» የሚል የጓደኛ ሽሙጥ ይሸተኛል። ሌሊት እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ እርስ በርስ ሲተራረቡ የወጣ ነው ብዬ እምላለሁ።

ቦታውንም ልጨምር። የታወቁት የቅኔ ቤቶች የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ፣ የወሎው ዋድላ ናቸው። የዋድላ ሰዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ተረቱን ለጎጃም እሰጠዋለሁ። በትውፊት የቅኔ ሊቅ የሚባለው ተዋነይ የሚነሣውም ከጎንጅ ጋር ነው። ንግሥ ሲሆን ውስጥ መወድስ ይወርዳል፤ ታቦቱ ሲወጣ ደግሞ ውጭ ያለው ጎረምሳ ቀረርቶውን ያሰማል፣ ይፎክራል። ግድግዳው ጭቃ ነው። የቅኔ ተማሪው ቤቱ ጠፍቶት ሲጨነቅ፣ ያለ ምንም ስፍር የሚወርደውን ቀረርቶ በጆሮው ይሰማል። መቼም ቀንቶ መሆን አለበት። ለማስረጃ ያለኝ ይኸው ጭቃ ግድግዳ ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ስፍር ያለው የጸሎት ግጥም የኛ ብቻ አይደለም። ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 118 ላይ «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» የሚሉ ርእሶችን ያስታውሳል። ልጅ ሆነን የጸሎቱ አካል መስለውን አብረን እንጮህባቸው ነበር። የዕብራይስጥ ፊደላት ስም ናቸው። በዕብራይስጡ ለ22ቱ ፊደላት ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር ተመድቧል፣ ስምንቱም በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። ድምሩ 176 ነው። በትርጉም ሲመጣ ፊደሉ ጠፋ፣ ርእሱ ቀረ።

በዕብራውያን ቁጥር 145ኛው፣ በኛ ዳዊት 144ኛው መዝሙርም በፊደል ተራ የሄደ ነው፤ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር። አይሁድ በየቀኑ ይጸልዩታል። በተለመደው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ግን ኖን የለም። ፊደሉ ተዘሏል። የጥንት ረቢዎች፣ የአይሁድ መምህራን፣ ይህን አይተው ዝም አላሉም። ታልሙድ በሚባለው የትምህርታቸው መጽሐፍ ውስጥ ረቢ ዮሐናን ምክንያቱን ሲሰጥ፣ በነቢዩ አሞጽ «የእስራኤል ድንግል ወደቀች» የሚለው ቃል በኖን ስለሚጀምር ነው ይላል። ሌላው መምህር ይቀጥልና፣ ዳዊት ወዲያው በሚቀጥለው ፊደል እግዚአብሔር የሚወድቁትን እንደሚደግፍ ተናግሯል ይላል። በግሪኩ ትርጉምና እ.ኤ.አ. በ1956 ሙት ባሕር ዳር፣ ቁምራን አጠገብ በተገኘው የመዝሙር ጥቅልል ግን የኖን ቁጥር አለ፤ እግዚአብሔር በቃሉ የታመነ መሆኑን ይናገራል። ረቢዎቹ ጋ አልደረሰም። ቢሆንም ከራሳቸው አንድ ቁጥር ፈጥረው አልሰኩበትም። ባዶውን ቦታ ባዶ ትተው «ለምን?» አሉ። የኛ መሪጌታ ቢሰሙ «ይበል!» ይሏቸው ነበር።

ቀረርቶን ያጣጣልኩ እንዳይመስልብኝ። ቀረርቶ በቦታው ትልቅ ጥበብ ነው። በአማርኛ ነው፤ ዘር ይቆጠርበታል፣ የፈረስ ስም ይነሣበታል፣ ፈሪ ይሰደብበታል። የስንኝ ቁጥር የለውም። ጥሩ ስንኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ማንም አይነቅፍም፤ እንዲያውም ይወደዳል። ደቦ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ዘመቻ ላይ ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል። የአጎቴን ቀረርቶ ሰምቶ ያልተነሣ አላየሁም፤ በሬውም ጭምር። የባህል ቡድን መድረክ ላይ ሲያቀነቅን «ቅኔው ጎድሎባቸው ነው» የሚል አስተያየት ሳነብ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። እነሱ ምን ቅኔ ጀምረው ነው የጎደለባቸው?

«ይህንን አላጠናሁም» ያለን ሰውም በዚህ ተረት የሚሸነቁጡ አሉ። በቴሌቪዥን ክርክር ላይ አንዱ ባለሙያ ለአንድ ጥያቄ መልስ እንደሌለው ሲናገር ተከራካሪው «አዬ፣ ቅኔ ጎደለ!» ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ለራሱ ተራ ሲደርስ፣ ያንኑ ጥያቄ ትቶ ስለ አገር ፍቅር እስኪያልበው ተናገረ። ጠረጴዛም መታ። ተረቱ የማን እንደነበር አወያዩም አልነገረው።

ሌላው ደግሞ የደብተራዎችን ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ ይህንን ተረት ይጽፋል፤ ካህናቱን መንካቱ ነው። ወንድሜ፣ ተረቱን ያወጡት እነሱ ናቸው። ስድስተኛው ቤት የት እንደጎደለ ከነሱ ሌላ ማን ሊቆጥር ይችል ነበር?