ደም የረጋበትን ውጫዊ የፊንጢጣ ኪንታሮት በአነስተኛ ቀዶ ጥገና ማስወገድ

የፊንጢጣ ኪንታሮት በፊንጢጣና በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ እንደሚገኝበት ቦታ ውስጣዊና ውጫዊ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የአንጀት ሽፋን አብቅቶ ቆዳ መሰሉ ሽፋን የሚጀምርበት መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ክፍል መቆረጥንና መወጋትን እምብዛም ስለማይሰማ ውስጣዊው ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይደማል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ግን እንደማንኛውም ቆዳ በስሜት ነርቮች የተሞላ በመሆኑ፣ በውጫዊው ኪንታሮት ውስጥ ደም ሲረጋ ሰው መቀመጥም መራመድም እስኪቸግረው ድረስ ያማል።

ይህ የደም መርጋት አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይከሰታል። በሆድ ድርቀት ምክንያት ማማጥ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ እርግዝናና ወሊድ ከሚታወቁት መነሻዎች መካከል ናቸው፤ ምንም ግልጽ ምክንያት የማይገኝለት ታማሚም ጥቂት አይደለም። በፊንጢጣው አፍ ላይ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠጣር እብጠት ይታያል። ሐኪሙ በዓይን አይቶ ሊለየው የሚችል ቢሆንም፣ መግል የቋጠረ እባጭ፣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ አልፎ አልፎም ዕጢ ተመሳሳይ ስቃይ ወይም እብጠት ስለሚያስከትሉ ሳይመረመሩ ኪንታሮት ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

ቀዶ ጥገናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ጥያቄ በዋናነት የሚወስነው ሕመሙ ከጀመረ ያለፈው ጊዜ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የረጋውም ደም በሳምንታት ውስጥ ይመጠጣል። ስለዚህ ታማሚው በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰና ስቃዩ ከበረታ ቆርጦ ማውጣት ፈጣን እፎይታ ይሰጣል። ዘግይቶ የመጣና ሕመሙ እየለቀቀው ያለ ሰው ግን ሊቀንስ በጀመረ ሕመም ላይ አዲስ ቁስል ከሚጨመርበት በማስታገሻ፣ በሰገራ ማለስለሻና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በመቀመጥ ቢታከም ይሻለዋል።

ሥራው ሙሉ ማደንዘዣም ሆነ ሆስፒታል መተኛት አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ታማሚው በግራ ጎኑ ወይም በሆዱ ይተኛል፤ አካባቢው ከጸዳ በኋላ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን የተባለ መድኃኒት በቀጭን መርፌ በእብጠቱ ዙሪያና ሥር ቀስ ተብሎ ይወጋል። ከብዙዎች ልምድ አንጻር በሥራው ሁሉ እጅግ የሚያመው ይኸው መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን የተሠራው ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከአድሬናሊን ጋር ይቀላቀላል፤ አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን በማጥበብ መድማትን ይቀንሳል፣ የማደንዘዣውንም ቆይታ ያራዝማል። ከዚያም ሐኪሙ በእብጠቱ ላይ ያለውን ቆዳ በሞላላ ቅርጽ ቆርጦ ከረጋው ደምና ካበጡት የደም ሥሮች ጋር አንድ ላይ ያወጣል። ከሥሩ ያለውን የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻ አለመንካት የሥራው ዋና ጥንቃቄ ነው፤ ጡንቻው ከተጎዳ ሰገራን መቆጣጠር ሊያስቸግር ይችላልና። የሚደማው ቦታ በኤሌክትሪክ ተኩሶ ወይም ተጭኖ ይቆማል፤ ቁስሉም ክፍት ይተዋል ወይም በሚሟሟ ክር ይሰፋል።

እብጠቱን በጥቂቱ ሰንጥቆ ደሙን ብቻ መጭመቅ ቀላል ቢመስልም የሚመከር አይደለም። የረጋው ደም ብዙ ጊዜ በተለያዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ስለሆነ የተወሰነው ይቀራል፤ የተሰነጠቀው ቆዳም ቶሎ ሲገጥም ደም ዳግም ይጠራቀማል። ኪንታሮቱን ከሥሩ በትንሽ የጎማ ቀለበት አንቆ ደም እንዳይደርሰው ማሰር ደግሞ ለውስጣዊው ኪንታሮት ብቻ የሚሠራ ዘዴ ሲሆን፣ ውጫዊውን በዚህ መንገድ ማሰር ለከባድ ሕመም ይዳርጋል።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ደማቸው በቀላሉ የማይረጋ፣ በጉበት በሽታ ምክንያት የሆድ ደም ሥሮች ግፊት ያለባቸው፣ የክሮንስ በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት) ያለባቸው ወይም የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ታማሚዎች ይህ ቀዶ ጥገና በተራ የሕክምና ክፍል ሊሠራላቸው አይገባም።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው በሐፍረት የተነሳ ሕመሙን ደብቆ ይቆያል፤ ከዚያም ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ጥገና እንነቅላለን ወደሚሉ ባህላዊ ሐኪሞች የሚሄድ አለ። በቦታው ላይ የሚደረግ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ኬሚካል ጤናማውን ቆዳም ጭምር ስለሚበላ፣ ጠባሳው ፊንጢጣውን አጥብቦ ሰገራ ማስወጣትን ሊያስቸግር ይችላል። ይህም ከመጀመሪያው ሕመም የከፋና ለመጠገን የሚያዳግት ጉዳት ነው።

ታማሚው ከቀዶ ጥገናው በኋላ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይም ከተጸዳዳ በኋላ፣ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ቁስሉን ያጸዳል፣ የጡንቻውንም መኮማተር ያላላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይታዘዛል፤ እንደ ኮዴይን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ግን ድርቀት ስለሚያመጡ በጥንቃቄ ይሰጣሉ። አሰር ያለው ምግብና በቂ ውኃ ለዚሁ ሲባል ይመከራል። ለጥቂት ቀናት በጥቂቱ መድማት የሚጠበቅ ሲሆን፣ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሽራል። የማይቆም መድማት፣ ትኩሳት፣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም ሽንት መሽናት አለመቻል ከታየ ግን በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።