የቀፎ ዝርፊያ ምንድን ነው?

ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። ባለፈው በጋ አንደኛው ደከመብኝ። የሀዋሳ ፀሐይ አናት በሚበሳበት 7 ሰዓት ላይ የስኳር ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ትንሽ ክዳኑ ላይ ፈሰሰ፤ ችላ አልኩት። 9 ሰዓት ሲሆን የቀፎው ፊት ንብ በንብ ሆነ። "ጎሽ፣ ነፍስ ዘራ!" ብዬ ደስ አለኝ። ጎረቤታችን እማማም በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "ልጄ፣ ንቦችህ ዛሬ ሰርግ አላቸው እንዴ?" አሉኝ።

ሰርግ አልነበረም። ዝርፊያ ነበር።

የቀፎ ዝርፊያ ማለት የአንድ ቀፎ ንቦች ሌላ ቀፎ ገብተው ያለቀለት ማር እየቀዱ ወደ ቤታቸው ሲያመላልሱ ነው። ተርብም ጉንዳንም ቀፎ ይደፍራሉ። ንብ አናቢ "ተዘረፍኩ" ሲል ግን ብዙ ጊዜ የሚያወራው ንብ በንብ ላይ ስለሚፈጽመው ነው።

ለንቧ ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። የአበባ ወለላ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ማር ግን 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ከአበባ አበባ ስትዞር ከመዋል አንድ የማር እንጀራ ላይ መቆም ይሻላታል። ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ዝም አትልም። ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ቮን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ የንቦችን ውዝዋዜ መፍታቱ ነው። ንብ ጥሩ አበባ ስታገኝ እየተወዛወዘች አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ ትነግራለች። ቀፎ ሰብራ ስትመለስም ያንኑ ውዝዋዜ ትወዛወዛለች። ስለዚህ አንድ ሌባ ሳይውል ሳያድር ብዙ መቶ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ሁሌ አይዘራረፉም? በር ላይ ዘበኛ ስላለ ነው። ዘበኞቹ የሚገባውን ሁሉ ያሸታሉ፤ የቤቱ ጠረን የሌለውን ይይዛሉ። ጠንካራ ቀፎ ራሱን አያስነካም። የሚጠቃው ሕዝቡ የሳሳ፣ ንግሥቷ የሞተችበት፣ ወይም በቅርቡ ለሁለት የተከፈለ ነው። በሩ የሰፋ፣ ዘበኛው ያነሰ ማለት ነው።

ወቅቱም አለ። አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን ማንም የሰው ቤት አያይም፤ ዝርፊያ የሚመጣው አበባ ሲጠፋ ነው። የበጋው ደረቅ ወራትና ዝናብ ንቡን ቤት የሚያስቀምጥበት ክረምት ክፉ ናቸው። ሀዋሳ ውስጥ የእኔ መለኪያ ጁስ ቤቶቹ ናቸው። አስተናጋጁ የስፕሪሱን ብርጭቆ በሰሃን ከድኖ ካመጣላችሁ፣ ንቡ ተርቧል፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ ቀፏችሁን እዩ።

ዝርፊያን ከደስታ መለየት ላይ ብዙዎቻችን እንሸወዳለን። ከሰዓት በኋላ ወጣት ንቦች ወጥተው ቤታቸውን ያጠናሉ። ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው እየተንሳፈፉ ይቆያሉ፤ ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላም ይበተናሉ። ዘራፊ ግን ያስታውቃል። ግራና ቀኝ ይዋልላል። በሩን ትቶ የክዳኑን ስንጥቅና የማዕዘኑን ቀዳዳ ያሸታል። በሩ ላይ ሁለት ንቦች ተያይዘው ሲንከባለሉ ታያላችሁ፤ መሬቱ ላይ ሬሳ አለ። አንዳንዱ ዘራፊ ፀጉሩ ረግፎ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። ጠግቦ ሲወጣ ስለሚከብደው መጀመሪያ ግድግዳውን ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ሲነሣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ውስጡን ብታዩት የእንጀራው ክዳን ተቦጫጭቆ፣ ወለሉ የሰም ፍርፋሪ ለብሷል።

ዘራፊው ከየት እንደመጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ የፉርኖ ዱቄት በቂ ነው። እየወጡ ባሉት ላይ በስሱ ነፋሁባቸውና ዓይኔን ሰፈሩ ላይ አማተርኩ። ከታቦር ተራራ በኩል የመጡ ናቸው ብዬ ነበር። ዱቄት የለበሱት ንቦች ሦስት ሜትር በረው የራሴው ሁለተኛ ቀፎ ውስጥ ገቡ። የቤት ሌባ!

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመጣልን ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። አትክፈቱ። የማሩ ሽታ ይባስ ይወጣል፤ ጭስ ብትጨምሩ ደግሞ ዘበኛውን ታደናግራላችሁ። በሩን በሣር ወይም በእንጨት አጥብቡት፤ አንዲት ንብ ወይም ሁለት ብቻ እንድታልፍ። ጨርሳችሁ ግን አትድፈኑት፤ በዚህ ሙቀት ታፍነው ያልቃሉ። የፈሰሰውን ጣፋጭ በውሃ እጠቡ። ከዚያ አሮጌ አንሶላ ውሃ ነክራችሁ ቀፎው ላይ ጣሉበት። የቤቱ ንብ ከሥር ተሽሎክልኮ ይገባል፤ ሌባው ግራ ይጋባል። ልጆችንና የታሰረ ውሻን አርቁ፤ የእኛ አገር ንብ እንኳን ተዘርፎ እንዲያውም ቁጡ ነው። ቀፎውን አንሥቶ መደበቅም ብዙ አያዋጣም። ዘራፊው ቦታው ባዶ ሲሆንበት ጎን ያለው ቀፎ ላይ ይዞራል።

ሲመሽ ይበተናሉ። ጠዋት ግን ማልደው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በሩ ለጥቂት ቀናት እንደጠበበ ይቆይ። ደጋግሞ ለሚጠቃ ቀፎ የበር ወንፊት የሚባል ነገር አለ፤ አናጺ በትንሽ ዋጋ ይሠራዋል። የመስኮት ወንፊት ከእንጨት ክፈፍ ጋር በሩ ፊት ይለጠፋል፣ መግቢያው ከላይ ጥግ ላይ ይሆናል። ሌባ ሽታ ተከትሎ ታች ወንፊቱ ላይ ሲፍጨረጨር ይውላል። ባለቤቱ ዙሪያውን ለምዶ በላይ ይገባል። ማታ ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ ነው የሚገጠመው።

ዝርፊያውን አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ግን እኛው ነን። እኔ በቀትር መገብኩ፤ መመገብ የነበረብኝ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ቀፎው ውስጥ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ነበር። ማር ሲቆረጥ "ይልሱት" ተብሎ ሜዳ ላይ የሚጣለው እንጀራም ያው ነው፤ የሰፈሩን ንብ መጥራት ነው። የሳጥኑ ስንጥቅ ደግሞ በጭቃ ወይም በእበት ቢመረግ ምን ይጎዳል? አባቶቻችን ባህላዊውን ቀፎ በእበት የሚለስኑት በከንቱ አይደለም። ችላ የተባለ ቀፎ ማሩን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ንቡ ቤቱን ጥሎ ይኮበልላል፣ በባዶው ቤት የሰም እራት የሚባለው፣ ትሉ ሰሙን የሚበላ ቢራቢሮ መሰል ነፍሳት ይገባል።

የእኔ ጉዳይ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቼ ማታ ስከፍተው እንቁላል የለም፣ ንግሥቷም የለችም። ለካ የደከመው ለዚህ ነው! በጠንካራው ቀፎ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ የተዘረፈውን ከላይ ደረብኩት። ወረቀቱን ከላይና ከታች ቀስ እያሉ ይቦረቡሩታል፣ እስኪያልቅ ጠረናቸው ይቀላቀላል። በሳምንቱ ወረቀቱ ተበጣጥሶ በር ላይ ተጠርጎ አየሁት። እማማ በአጥሩ በኩል ሁለቱ ሳጥኖች ተደራርበው ሲያዩ "ታረቁ?" አሉኝ።