የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

የዚህ ትምህርት ክፍል ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ድስትና መርፌ ነው። «ወጥ መሥራት ለመማር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ?» ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። የመጀመሪያ ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር ሲያይ ግን ሳቁን ይተዋል። ኬሚስትሪ አለ። ስታቲስቲክስ አለ። ኢኮኖሚክስና ሳይኮሎጂም አሉ። ዘርፉ የሚያጠናው ቤተሰብ ምን እንደሚበላና እንደሚለብስ፣ የት እንደሚኖር፣ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያወጣና ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ማየቱ ነው ከሌላው የሚለየው።

አሁን በያዘው መልክ ትምህርቱ የአሜሪካ ልጅ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሞሪል አዋጅ ለየግዛቱ መሬት ሰጠ። ግዛቶቹ በመሬቱ ሽያጭ ግብርናና የሜካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆችን አቋቋሙ። አብዛኞቹ ዛሬ ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሆነዋል። የገበሬ ልጆች ሲገቡ ወንዶቹ ስለ አፈርና ከብት ተማሩ። ሴቶቹስ? አዮዋ፣ ካንሳስና ኢሊኖይ በ1870ዎቹ መልስ አበጁ፤ የቤት አስተዳደርን ከሳይንስ ጋር ማስተማር ጀመሩ።

ሳይንሱን መሠረት ያስያዘችው ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ ናት። በ1873 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ሙያዋ ኬሚስትሪ ነበር። የመጠጥ ውሃ ትመረምራለች፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን የሱቅ ምግብም ታጋልጣለች። ከ1899 ጀምሮ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በሌክ ፕላሲድ የተካሄዱትን ጉባኤዎች መራች። ከጉባኤዎቹ የሙያው ማኅበር በ1908 ሲወለድ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷው ሆነች።

ዘርፉ ሴቶችን መልሶ ማጀት ከተተ የሚል ወቀሳ አለ። ወቀሳው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ግን ሙሉውን አይናገርም። በዚያ ዘመን በኬሚስትሪ የተመረቀች ሴት በኬሚስትሪ ክፍል መምህር ልሁን ብትል ሰሚ አልነበራትም። ሆም ኢኮኖሚክስ (ዘርፉ ያኔ የሚጠራበት ስም) ግን ላቦራቶሪ፣ ደመወዝና ማዕረግ ሰጣት። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1911 ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ማርታ ቫን ሬንስለርና ፍሎራ ሮዝ የወጡት ከዚሁ ክፍል ነው።

ከታሪኩ ሁሉ ጉድ የሚያሰኘው «የልምምድ ቤት» የሚባለው ነው። ተማሪዎች ለተወሰኑ ሳምንታት አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አንዷ ምግብ ታበስላለች፣ ሌላዋ ታጸዳለች፣ ሌላዋ ወጪ ትመዘግባለች። ከዚያ ይቀያየራሉ። ኮርኔል በ1919 እዚህ ቤት ውስጥ እውነተኛ ሕፃን አስገባ። ዲኪ ዶሜኮን አሉት፤ «ዶሜኮን» «ዶሜስቲክ ኢኮኖሚ» (የቤት ኢኮኖሚ) ከሚለው ተቆርጦ የወጣ ነው። ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ እናት ሆኑለት። ከእሱ በኋላ ከሕፃናት ማሳደጊያ ሌሎችም መጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ ለጉዲፈቻ ይሰጡ ነበር። የልምምድ ቤቱ እስከ 1969 ዘለቀ። ያኔ ዘመናዊ አስተዳደግ ነበር የሚባለው። ሕፃን ከአንድ ሰው ጋር ስለሚፈጥረው ቁርኝት የሚማር የዛሬ ተማሪ ግን ታሪኩን ሲሰማ ሆዱ ሳይባባ አይቀርም።

አሁን ክፍል ውስጥ ምን አለ? የገንዘቡ በኩል ብዙ ጊዜ በኤርንስት ኤንግል ይጀምራል። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 ያሳየው ነገር ቀላል ነው። ገቢ ሲያድግ ከገቢው ውስጥ ለምግብ የሚውለው ድርሻ ይቀንሳል። የኢኮኖሚክስ ምሁሯ ማርጋሬት ሪድ ደግሞ በ1934 ሌላ ጥያቄ አነሳች፤ ቤት ውስጥ በነጻ የሚሠራው ሥራ ምርት ነው ወይስ አይደለም? መለኪያዋ አጭር ነው። ሥራውን ከፍለህ ሌላ ሰው ማሠራት ከቻልክ ምርት ነው። ልብስ ማጠብ ምርት ነው። እንቅልፍ ግን አይደለም፤ ማንም ተቀጥሮ አይተኛልህም። ዛሬም የቤት ውስጥ ሥራ በገንዘብ ይተመን ሲባል ይህ መለኪያ ይጠቀሳል።

የጨርቃ ጨርቅ ላቦራቶሪውን ያየ ደግሞ ትምህርቱ ለምን «የሸማቾች» እንደተባለ ይገባዋል። ተማሪዋ ከጨርቁ ጥቂት ክር ትመዛለች፣ በመቆንጠጫ ይዛ ወደ እሳት ታስጠጋለች። ጥጥ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት፣ አመዱም ልል ነው። ሱፍ እያንገራገረ ይቃጠላልና እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ ሽታው የተቃጠለ ጸጉር ነው። ፖሊስተር ገና እሳት ሳይነካው ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ዶቃ ይሆናል። የልብሱ ምልክት «መቶ በመቶ ጥጥ» ብሎ ዶቃው ጣት ላይ ከቀረ የዋሸው ማን እንደሆነ ታወቀ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ተጨማሪ ግዴታ ያመጣል። በ1914 የወጣው የስሚዝ-ሌቨር አዋጅ የዩኒቨርሲቲ እውቀት ወደ ሕዝቡ እንዲወርድ የኤክስቴንሽን አገልግሎት አቋቋመ። ዛሬም የኤክስቴንሽን ባለሙያ የወር በጀት አያያዝ ታስተምራለች፣ ምግብ አሽጎ የማቆየት ዘዴ ታሳያለች። በብዙ ቦታ ሰዎች በእንፋሎት ግፊት የሚሠራውን ድስታቸውን ክዳን ይዘው ይመጣሉ፤ የግፊት መለኪያው በትክክል ማንበቡን ትፈትሽላቸዋለች። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እንደ ባቄላና ሥጋ ያለ አሲዱ አነስተኛ የሆነ ምግብ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ከታሸገ ቦቱሊዝም የሚባለው ገዳይ መመረዝ ሊከተል ይችላል።

በ1993 የዘርፉ ሰዎች አሪዞና ግዛት ስኮትስዴል ከተማ ተሰብስበው አሁን ያለውን ስም መረጡ፤ ማኅበሩም በቀጣዩ ዓመት ስሙን ቀየረ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን አንድ ስም ላይ አልተስማሙም። ኮርኔል ቀድሞ በ1969 «የሰው ሥነ ምህዳር» ብሎት ነበር። ሌሎች ሥነ ምግቡን ለጤና ኮሌጅ፣ ሕፃናቱን ለትምህርት ኮሌጅ አከፋፈሉት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፤ የኪራይ፣ የምግብና የልጅ ጉዳይ ቤት ውስጥ ተለያይተው አይመጡም።

ተመራቂው የሚይዘው መንገድም እንደ ምርጫው ይለያያል። ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር የፈለገ የተግባር ልምምድ አድርጎ የግዛቱን የመምህርነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። የቤተሰብ ገንዘብ አማካሪነት፣ የሕፃናት ማቆያ አስተዳደርና የጨርቃ ጨርቅ ጥራት ቁጥጥርም አሉ። በሥነ ምግብ ባለሙያነት መመዝገብ የሚፈልግ ግን ልብ ይበል። አሜሪካ ውስጥ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ለምዝገባ ፈተናው ለመቀመጥ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። የአራት ዓመቱ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም።